የፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ቀን ምዘና እና በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር



ባገራችን አጥንት ሲወልቅ ወይም ጅማት ሲዞር የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻው ይጠይቃል፣ ይዳስሳል፣ ያሻል፣ ወደ ቦታው ይመልሳል። የሚጽፈው ነገር ግን የለም። ያየው ሁሉ የሚቀመጠው በጣቱና በጭንቅላቱ ነው። ፊዚዮቴራፒስትም በመጀመሪያው ቀን ከሞላ ጎደል ይህንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ መጻፍ ግዴታው መሆኑ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከጻፈ በኋላ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ምዘናና ስለ ቁጥሩ ነው።

ርእሱን ያገኘነው በእንግሊዝኛ ክፍላችን ከተነሣ ጥያቄ ነው። አንዲት ተማሪያችን አሜሪካ የምትኖር እኅቷ የጉልበት ሕክምና ከጀመረች በኋላ የደረሳትን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥታ ልካላት ነበርና ወደ ክፍል ይዛው መጣች። በወረቀቱ ላይ 97162 የሚል ቁጥር አለ። «ይህ የበሽታዋ ደረጃ ነው ወይስ የምትከፍለው ገንዘብ?» ስትል ጠየቀችን። ሁለቱም አይደለም። ሆኖም ክፍሉ በሙሉ ለማወቅ ጓጓ። በካምፓችን አሜሪካ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነውና። እዚሁ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚሄድ ሰውም ቢሆን የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚያኛው ብዙም ስለማይለይ ትምህርቱ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ሁለት ዓይነት ቁጥር

በአሜሪካ የሕክምና ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ኮድ ይገኛል። አንዱ በሽተኛው ለምን እንደ ታከመ ይናገራል። ይህ አይ ሲ ዲ የሚባለው ሲሆን፣ መሠረቱ የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣው የበሽታዎች ዝርዝር ነው። አሜሪካውያን አስፋፍተው ያዘጋጁትን 10ኛውን እትም ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠሩበታል። ኮዱ በፊደል ይጀምራል። ሁለተኛው ምን እንደ ተደረገለት ይናገራል። ይህ ሲ ፒ ቲ ይባላል፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1966 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው መዝገብ ሲሆን በፊዚዮቴራፒ የምናገኛቸው ኮዶች ባለ አምስት አኃዝ ናቸው። ኢንሹራንሱ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመለከታል። ለምን ታከመ የሚለውና ምን ተደረገለት የሚለው ካልተገናኙ ክፍያው ሊከለከል ይችላል።

ለፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ምዘና እስከ 2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ የነበረው ኮድ 97001 አንድ ብቻ ነበር። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ወጣትም፣ ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን የያዘባቸው አዛውንትም በዚሁ ቁጥር ይጻፉ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ይህ ቁጥር ቀርቶ በሦስት ተተካ፤ 97161 ቀላል፣ 97162 መካከለኛ፣ 97163 ውስብስብ። ከጊዜ በኋላ እንደገና ሲመዘን የሚጻፈው 97164 ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። «ቀላል» የተባለው ምዘናው ነው እንጂ ሕመሙ አይደለም። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው 97161 ሊጻፍለት ይችላል። ሕመሙን ናቁብኝ ብሎ የሚያዝን ካለ በከንቱ ነው። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የመንግሥት ኢንሹራንስ ለሦስቱም የሚከፍለው እኩል ነውና የገንዘብም ደረጃ አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ባለሙያው በዚያ ቀን ምን ያህል ነገር ማገናዘብ እንደ ነበረበት ነው።

አራቱ መመዘኛዎች

ባለሙያው ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱን የሚመርጠው አራት ነገሮችን መዝኖ ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ ነው። ከታመመው ቦታ ሌላ ሕክምናውን የሚነካ በሽታ ወይም የግል ሁኔታ አለ ወይ? የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ ቀድሞ የተሰበረ አጥንት፣ ዕድሜ፣ ብቻን መኖር ከዚህ ይቆጠራሉ። ምንም ከሌለ ቀላል፣ አንድ ወይም ሁለት ካለ መካከለኛ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ውስብስብ ነው። በሽታው መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሕክምናውን የሚለውጥ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ምርመራው ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠሩት በሦስት ወገን የሚመደቡ ችግሮች ናቸው፤ የአካል ክፍሉና የአሠራሩ ችግር፣ ሰውየው መሥራት ያቃተው ተግባር፣ ከኅብረተሰቡ ጋር ከመኖር የከለከለው ነገር። ይህ አከፋፈል የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ካጸደቀው አይ ሲ ኤፍ ከሚባል መዝገብ የተወሰደ ነው። የመዝገቡን ዝርዝር ያየ ሰው የኛን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ያዘጋጀው ሊመስለው ይችላል። ቁጢጥ ማለት የራሱ ቁጥር አለው፣ ዲ 4101፤ መንበርከክ ዲ 4102፤ በጀርባና በትከሻ መሸከም ዲ 4303፤ በራስ መሸከም ዲ 4304፤ ሃይማኖታዊ ሕይወት ዲ 930። አንድ ወይም ሁለት ችግር ከተመረመረ ቀላል፣ ሦስትና ከዚያ በላይ መካከለኛ፣ አራትና ከዚያ በላይ ውስብስብ ይሆናል።

ሦስተኛው የሕመሙ ጠባይ ነው፤ ባለበት የረጋ፣ እየተለዋወጠ የሚሄድ፣ ወይስ ጨርሶ የማይጨበጥ? አራተኛው የባለሙያው ውሳኔ ክብደት ነው።

ለየቁጥሩ 20፣ 30 እና 45 ደቂቃ የሚል ግምት ተቀምጧል፤ ነገር ግን ቁጥሩን የሚወስነው ሰዓቱ አይደለም። የሚወስነው ሌላ ደንብ ነው፤ አራቱም መመዘኛዎች ካልተሟሉ ወደ ላይኛው ቁጥር አይወጣም። በሌላ አነጋገር ከአራቱ ዝቅ ያለው ሌሎቹን ይጎትታቸዋል። ለተማሪዎቻችን ይህን ስናስረዳ አራት ሰዎች አንድ ላይ ሲጓዙ ፍጥነታቸው የኋለኛው ሰው ፍጥነት ነው ብለናል።

በምሳሌ እንየው። የ58 ዓመት እናት ግራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስኳርና ግፊት አለባቸው። ጉልበቱ እንደ ልብ አይታጠፍም፣ የጭኑ ጡንቻ ደክሟል፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳቸዋል፣ መንበርከክ አይችሉም፣ በዚህም ምክንያት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትተዋል። ታሪካቸው ሁለት ነገር ስላለው መካከለኛ ነው። ምርመራቸው አምስት ችግር ስላለው ውስብስብ ነው። ሕመሙ ግን ለስድስት ወር ባለበት የረጋ ነው። ስለሆነም የሚጻፍላቸው 97161 ነው። እኒሁ እናት «ካለፈው ሳምንት ወዲህ ያብጥ ጀምሯል፣ ስቆምም ይከዳኛል» ቢሉና ውሳኔውም በዚያው ልክ ቢከብድ ወደ 97162 ይወጣል።

አሁን ደግሞ ስኳራቸውን አልተናገሩም እንበል። ባለሙያው ብስክሌት ላይ አስቀምጦ ያሠራቸዋል። ስፖርት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እዚያው ሊያጥወለውለውና ራሱን ሊስት ይችላል። ስኳር ያደነዘዘው እግርም በአዲስ ጫማ ቢላጥ አይሰማም። እንግዲህ ቁጥሩ ተሳሳተ አልተሳሳተ ከዚህ ጎን ትንሽ ነገር ነው።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በካምፕ ኑሮ ሕመምን መደበቅ ልማድ ሆኖብናል። «ከተጻፈብኝ ጉዳዬ ይዘገያል» የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን፤ አንፈርድም። ሆኖም ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ የሚደበቅ በሽታ የሚጎዳው ደባቂውን ነው። በእስር ቤት ወይም በመንገድ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው እንዴት እንደ ደረሰበት የመናገር ግዴታ የለበትም። «ይህ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ስለ አሰባበሩ ማውራት አልፈልግም» ማለት ይቻላል። መሰበሩን ግን ይናገር።

ቃላችን እንዴት ቁጥር ይሆናል

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰድንበት ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም አማርኛችን በዚህ በኩል ወጥመድ አለው።

«እግሬን ያመኛል» እንላለን። በአማርኛ እግር ማለት ከጭን ጀምሮ እስከ ጣት ጫፍ ነው። እንግሊዝኛው ግን መሬት የሚረግጠውን ክፍልና ከዚያ በላይ ያለውን በሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠራል፤ የኮዱ መዝገብ ደግሞ ከዚያም አብልጦ ይከፋፍላል። የቀኝ ጉልበት ሕመም ኤም 25.561 ነው፤ የግራው ኤም 25.562። የቀኝ ጭን ኤም 79.651፤ የቀኝ ቁርጭምጭሚት ኤም 25.571፤ መሬት የሚረግጠው የቀኝ እግር ኤም 79.671። «እግሬን» ብቻ ተብሎ የቱ እንደ ሆነ ሳይለይ ሲቀር ደግሞ ኤም 79.606 የሚባል ቁጥር አለ፤ ትርጉሙ «የእግር ሕመም፣ የትኛው እንደ ሆነ ያልተገለጸ» ማለት ነው። ሰውየው ሁለት እግሩን ይዞ ገብቶ የትኛው እንደሚያመው ሳይታወቅ ወጣ ማለት ነው! እጅም እንዲሁ ነው። እኛ ከትከሻ በታች ያለውን በሙሉ እጅ እንለዋለን፤ እነሱ መዳፍና ጣቶቹን ለብቻ፣ ክንዱን ለብቻ ይጠሩታል። ስለዚህ ከመናገር ጋር በጣት ማሳየት ያስፈልጋል። ግራና ቀኝንም አለመዘንጋት ነው።

«ጉልበት» ደግሞ የባሰ ነው። «ጉልበቴ ደከመ» ያለ ሰው መገጣጠሚያውን ይሁን ኃይሉን በምን ይታወቃል? አስተርጓሚው ከመሰለው አንዱን ይመርጣል። ኃይል ለማለት «አቅም አጣሁ» ማለት፣ መገጣጠሚያውን ለማለት እጅን በላዩ ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

የሕመም ቃላት ግን ሀብታችን ናቸውና አንቆጥባቸው። ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል፤ ሁሉም የተለያዩ ናቸው። ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል የሚሉት ነርቭ ሳይነካ አልቀረም የሚል ጥርጣሬ ያሳድራሉ፤ ምርመራውም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ሁሉንም «ያመኛል» ብሎ ማለፍ መንገዱን መዝጋት ነው።

ቀጥሎ «ተመስገን» አለ። ባለሙያው «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ሲል እኛ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» እንላለን። ይህ ሰላምታ ነው፤ አስተርጓሚው ግን «ደኅና ነኝ ይላል» ብሎ ያስተላልፋል፤ በወረቀቱም ላይ ሕመም እንደ ቀነሰ ሆኖ ሊሰፍር ይችላል። ምስጋናውን አንተውም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሕመሙ ግን አለ» ብሎ መቀጠል ነው እንጂ።

ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ደግሞ አንዳንዱ በትሕትና «2» ይላል፤ ሌላው ሰሚ አጣለሁ ብሎ ቶሎ «10» ይላል። 10 ያለ ሰው ወዲያው እየሳቀ ጫማውን ጎንበስ ብሎ ቢያስር ባለሙያው ይህንንም ይጽፈዋል። ይልቅ ቁጥሩን ከሥራ ጋር ማያያዝ ይሻላል፤ «ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ ስመለስ 7፣ ጋደም ስል 3»። እንዲሁም ከሕመሙ በፊት ምን እንሠራ እንደ ነበርና አሁን የቀረብንን እንናገር። «ቁጢጥ ማለት ስለማልችል መጸዳጃ ቤት በሰው ነው የምሄደው» ማለት ያሳፍራል፤ ይሁንና ከአሥር «ያመኛል» ይበልጣል። ለባለሙያው የሚለካ ነገር ይሰጠዋልና።

እርሱም በበኩሉ ይለካል። የመገጣጠሚያውን መታጠፍ በዲግሪ፣ የጡንቻውን ኃይል ከ0 እስከ 5 ያስቀምጣል፤ 3 ማለት ክብደቱን ራሱ ማንሣት ቻለ፣ 5 ማለት በእጅ ቢጫኑትም አልበገር አለ ማለት ነው። ለአረጋውያን የታወቀ አንድ ፈተና አለ። ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ። በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል መመሪያ መሠረት 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ የፈጀ አዛውንት ለመውደቅ የተጋለጠ ነው። እቤት ለመሞከር የሚፈልግ ደጋፊ ሰው አጠገብ አቁሞ ይሞክር።

ስለ አስተርጓሚ

አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችን እንድትነግሩልን የምንፈልገው ይህን ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍልና በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም። ልጅ «ይነዝረኛል» የሚለውን ከየት ያመጣዋል? እናት በልጇ ፊት ስለ መጸዳጃ ቤት እንዴት ትናገራለች? ጥያቄው መቅረብ ያለበት ቀጠሮ ሲያዝ ነው። የእንግሊዝኛ ተማሪዎቻችን እንዲህ ብለው ያጥኑት፤ «አይ ኒድ አን አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ።» ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ የሚቀለው «አማሪክ» በሚለው ፈንታ የራሱን ቋንቋ ያስገባ።

ወረቀቱ ሲመጣ

ከኢንሹራንስ የሚመጣው የመጀመሪያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ክፍያ መጠየቂያ አይደለም፤ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል በላዩ ይጻፍበታል። ምን እንደ ተሠራና ኢንሹራንሱ ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚገልጽ ነው። ገንዘብ ከመላክ በፊት ይህን መለየት ይገባል። ቀጥሎ ቀኑን ማየት ነው፤ ያን ቀን በእርግጥ ሄደናል ወይ? ከ97161 እስከ 97163 ካሉት አንዱ ለአንድ ምዘና አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል፤ ስንት ደቂቃ ቢፈጅም አይባዛም። ከእርሱ ጎን በዚያው ቀን 97110 ማለትም የአካል እንቅስቃሴ፣ 97140 ማለትም በእጅ የተደረገ ሕክምና፣ ወይም 97116 ማለትም የአካሄድ ልምምድ ቢገኝ ስሕተት አይደለም። እነዚህ በ15 ደቂቃ የሚቆጠሩ ናቸው። በሜዲኬር አቆጣጠር አንድ ለመባል ቢያንስ 8 ደቂቃ፣ ሁለት ለመባል ቢያንስ 23 ደቂቃ መሠራት አለበት። የመጀመሪያ ምዘና በአንድ ሕክምና ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከተገኘ ደውሎ ምክንያቱን መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

መልመጃ

የሚከተሉትን አንብባችሁ ከሦስቱ ቁጥሮች የሚስማማውን ምረጡ። አራተኛውን መመዘኛ፣ የባለሙያውን ውሳኔ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል አድርጋችሁ ውሰዱት።

1. የ24 ዓመት ወጣት ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበታል። ሌላ በሽታ የለበትም። የመገጣጠሚያው እንቅስቃሴና አካሄዱ ተመርምሯል። እብጠቱ በየቀኑ እየቀነሰ ነው።

2. የ45 ዓመት ሰው ቀኝ ትከሻውን ያመዋል። የስኳር በሽታ አለበት። የትከሻው እንቅስቃሴ፣ የጡንቻው ኃይል፣ ልብስ መልበስና ዕቃ መሸከም ተመርምረዋል። ሕመሙ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ፣ ሌሊትም መቀስቀስ ጀምሯል።

3. የ70 ዓመት አዛውንት ስትሮክ መቷቸዋል። ስኳርና ግፊት አለባቸው፣ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። ስድስት ዓይነት ችግር ተመርምሯል። አቅማቸው ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል።

4. በሁለተኛው ጥያቄ ያለው ሰው ስኳር እንዳለበት ሳይናገር ቢቀርስ?

መልስ፦ 1ኛ 97161። 2ኛ 97162፤ ታሪኩ አንድ፣ ምርመራው አራት፣ ጠባዩ የሚለዋወጥ ነውና። 3ኛ 97163። 4ኛ 97161፤ ታሪኩ ባዶ ስለ ሆነ ሌሎቹን ይጎትታቸዋል። ባለሙያውም ስኳር ያለበት ሰው ትከሻ ቶሎ እንደሚደርቅ እያወቀ እንደ ማንኛውም ትከሻ ያክመዋል።